ኮምፒውተራችሁ የዋይፋይ የይለፍ ቃሉን አልረሳም፤ የቆለፍንበት እኛ ነን

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ በተነሱ ቁጥር የዋይፋይ የይለፍ ቃል ስለሚጠይቁ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች

ላለፉት ጥቂት ወራት በስልክም በአካልም አንድ ዓይነት ቅሬታ ስንሰማ ቆይተናል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ፣ በተለይ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል እንደ አዲስ ይጠይቃል። ጠዋት ሱቁን የሚከፍተው ልጅ ቃሉን ስለማያውቀው ለባለቤቱ ይደውላል። ባለቤቱ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ፊደል በፊደል ይነግረዋል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ተሳፋሪም አብሮ ይማራል።

መጀመሪያ የሰጠናችሁ መልስ ትክክል አልነበረም። ለአንዳንዶቻችሁ «ራውተሩ ነው» ብለናል፤ ለሌሎቻችሁ ደግሞ «የዋይፋይ ካርዱ ከሊኑክስ ጋር አልተስማማም»። አንድ ደንበኛችን በእኛው ምክር በዩኤስቢ የሚሰካ አዲስ የዋይፋይ መቀበያ እስከ መግዛት ደርሰዋል፤ እንደምትገምቱት አዲሱም በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ። ነገሩን ተቀምጠን ስንመረምረው ጥፋቱ የራውተሩም የካርዱም ሳይሆን እኛ ስንጭን ያደረግነው አንድ ነገር ሆኖ ተገኘ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በጫንንላችሁ ሊኑክስ ሚንት በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ከዋይፋይ ጋር የሚያገናኘው «ኔትወርክ ማኔጀር» የተባለ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም የይለፍ ቃልን ከሁለት ቦታዎች በአንዱ ያስቀምጣል። አንደኛው የሲስተሙ የራሱ ማህደር ነው፤ እዚያ የተጻፈውን ፕሮግራሙ ማንንም ሳይጠብቅ ያነበዋል። ሁለተኛው «ኪይሪንግ» የሚባለው የተጠቃሚው የግል ማስቀመጫ ነው። እንደ ሙዳይ አስቡት፤ ክዳኑ የተቆለፈ ነው፣ ቁልፉም ኮምፒውተሩን ስትከፍቱ የምትጽፉት የመግቢያ የይለፍ ቃል ነው። ያንን ቃል ጽፋችሁ ስትገቡ ሙዳዩም አብሮ ይከፈታል፤ ዋይፋዩም ያለ ጥያቄ ይገናኛል። ሠሪዎቹ ያሰቡት ይህንን ነው፤ አስተሳሰቡም ጥሩ ነው።

እኛ ግን ብዙዎቻችሁ «በየጠዋቱ የይለፍ ቃል መጻፍ ሰለቸን» ስላላችሁን፣ ማሽኑ ሲበራ ሳይጠይቅ በቀጥታ እንዲገባ አደረግነው። በሩን ያለ ቁልፍ የሚከፈት አደረግነው፤ ሙዳዩ ግን ቁልፉን የሚያገኘው በዚያው በር በኩል ነበር። የመግቢያውን ቃል የጻፈ ሰው ስለሌለ ሙዳዩ ተቆልፎ ይቀራል። የዋይፋዩ ቃል ውስጡ ተቀምጧል፣ አልጠፋም፤ ፕሮግራሙ ግን እጁን አስገብቶ ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ እናንተን ይጠይቃል። በጣት አሻራ የሚገባም ሰው ይህንኑ ያገኘዋል፤ አሻራ በሩን እንጂ ሙዳዩን አይከፍትም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው የሚመጡት መስኮቶች ሁለት መሆናቸው ነው። መልካቸው ስለሚመሳሰል እኛም ራሳችን በስልክ ስንረዳ ተሳስተንበታል። መጀመሪያ የሚመጣው «ኪይሪንግ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሲሆን የሚፈልገው የኮምፒውተሩን የመግቢያ ቃል ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ የዋይፋዩን ቃል ይጽፋል፤ ማሽኑ አልቀበልም ይላል፤ ሰውዬው ይናደዳል፤ መስኮቱንም ይዘጋዋል። ከዚያ ሁለተኛው መስኮት ይመጣል። የዋይፋዩን ቃል የሚፈልገው ይህኛው ነው። ቃሉ ሲገባ ይገናኛል፤ ሙዳዩ ተቆልፎ ስለቀረ ግን ቃሉን ለነገ የሚያኖርበት የለውም። ማግስቱን ያው ነው።

መፍትሔው የዋይፋዩን ቃል ከሙዳዩ አውጥቶ ወደ ሲስተሙ ማህደር ማዛወር ነው። በጥቁሩ መስኮት ምንም ትእዛዝ መጻፍ አያስፈልግም። ከማያ ገጹ ግርጌ ያለውን የኔትወርክ ምልክት ጫኑና «ኔትወርክ ኮኔክሽንስ» የሚለውን ክፈቱ። የዋይፋያችሁን ስም ምረጡና ከታች ያለችውን የባለ ጥርስ ጎማ ምልክት ጫኑ። «ዋይፋይ ሴኩሪቲ» በሚለው ገጽ ላይ የይለፍ ቃሉ የሚጻፍበት ሳጥን አለ። በሳጥኑ ቀኝ ጫፍ፣ ልብ ካላላችሁ የማትታይ፣ ትንሽ ምልክት ተቀምጣለች፤ የጉዳዩ ቁልፍ እሷ ናት። ስትጫኑት ምርጫዎች ይዘረዘራሉ፤ ቃሉ ለዚህ ተጠቃሚ ብቻ ይቀመጥ፣ ለሁሉም ተጠቃሚዎች ይቀመጥ፣ ሁልጊዜ ይጠየቅ የሚሉ ይገኙበታል። «ለሁሉም ተጠቃሚዎች» የሚለውን ምረጡ። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ቃሉን እንደገና ጻፉ። «ጀነራል» በሚለው ገጽ ላይም ሁሉም ተጠቃሚ ከዚህ ኔትወርክ ጋር መገናኘት ይችላል የሚለው ሳጥን ምልክት የተደረገበት መሆኑን አይታችሁ አስቀምጡ። ከዚያ ማሽኑን አጥፍታችሁ አብሩት። ሳይጠይቅ ከተገናኘ አልቋል።

እዚህ ላይ አንድ ያልጠበቅነው ጥቅምም አገኘን። ቃሉ በሲስተሙ ማህደር ሲቀመጥ ማሽኑ ዋይፋዩን የሚያገኘው ማንም ሰው ሳይገባ፣ ገና የመግቢያው ገጽ ላይ ሳለ ነው።

ቃሉን ስትጽፉ የፊደል ሰሌዳው በእንግሊዝኛ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። አማርኛው በርቶ ከሆነ የሚታያችሁ ነጠብጣብ ብቻ ስለሆነ ምን እንደጻፋችሁ አታውቁም። ቃሉን የሚያሳየውን ምርጫ አብርታችሁ በዓይናችሁ እያያችሁ ጻፉ። በተለመደው የዋይፋይ አጠባበቅ ቃሉ ከ8 ፊደል ማነስ፣ ከ63 መብለጥ አይችልም። ቃሉ ካጠረ የመገናኛው ቁልፍ ይደበዝዛል፤ «መገናኛውን መጫን አልቻልኩም፣ ደብዝዟል» ብላችሁ ከደወላችሁልን መካከል አንዳንዶቻችሁ አንድ ፊደል ዘልላችሁ ነበር።

አሁን ልንደብቃችሁ ወደማንፈልገው እንምጣ። በሲስተሙ ማህደር የሚቀመጠው ቃል አይመሰጠርም፤ እንዳለ በግልጽ ይጻፋል። ፋይሉን ማንበብ የሚችለው የማሽኑ አስተዳዳሪ ብቻ ነው። ነገር ግን ማሽኑን ሰርቆ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ የገጠመ ሰው፣ ዲስኩ በሙሉ ካልተመሰጠረ በቀር፣ ሊያነበው ይችላል። ቃሉ ግድግዳ ላይ በተለጠፈበት ካፌ ወይም ሱቅ ይህ ስጋት ይሆናል ብለን አናምንም። ላፕቶፕ ይዛችሁ ለምትዞሩና በተለይ የመሥሪያ ቤታችሁን ዋይፋይ ለምትጠቀሙ ግን ምክራችን ተቃራኒ ነው፤ ቃሉ በሙዳዩ ይቆይ፣ በቀጥታ መግባቱ ይጥፋ፣ ጠዋት ጠዋት የመግቢያችሁን ቃል ጻፉ። አምስት ሰከንድ ነው።

«የሙዳዩን የይለፍ ቃል ባዶ አድርገው፣ ችግሩ ይጠፋል» የሚል ምክር የሰማችሁ አላችሁ። እውነት ነው፣ ይጠፋል። እኛ ግን ለማንም አናደርገውም። በሙዳዩ ውስጥ የዋይፋይ ቃል ብቻ አይደለም ያለው፤ የኢሜይል ፕሮግራም ቃሎችና ክሮም ያስቀመጣችኋቸውን የይለፍ ቃሎች የሚመሰጥርበት ቁልፍም እዚያ ይቀመጣሉ። ቃሉ ባዶ ሲሆን ምስጢራዊነቱ ይጠፋል። ለአንድ የዋይፋይ ቃል ሲባል የቤቱን ዕቃ ሁሉ ደጅ ማውጣት ነው።

በቀጥታ የማይገባ፣ ግን የመግቢያ ቃሉን ጽፎም የሚጠየቅ ማሽን ያላችሁ ጥቂቶች ናችሁ። የእናንተ ምክንያት ሌላ ነው። የመግቢያ ቃላችሁን ረስታችሁ እኛ እንደ አስተዳዳሪ ቀይረንላችኋል፤ ሙዳዩ ግን አሁንም የሚያውቀው አሮጌውን ቃል ነው። ራሳችሁ በቅንብሩ በኩል ብትቀይሩት ኖሮ አብሮ ይቀየር ነበር። አሮጌውን ካስታወሳችሁ «ፓስወርድስ ኤንድ ኪይስ» በሚባለው ፕሮግራም ከአዲሱ ጋር ማስማማት ይቻላል። ካላስታወሳችሁ ሙዳዩን የሚከፍት ሰው የለም፣ እኛም አንችልም። አሮጌው ይወገዳል፣ በሚቀጥለው ስትገቡ አዲስ ይፈጠራል፣ ውስጡ የነበረው ግን ጠፍቷል። ኬዲኢ የተባለውን ሌላ የሊኑክስ ገጽታ የጫንንላችሁም የሙዳዩ ስም «ኬዋሌት» ከመሆኑ በቀር ታሪኩ ተመሳሳይ ነው።

ሆቴል ወይም ካፌ ውስጥ ከተገናኛችሁ በኋላ ስልክ ቁጥር ወይም የክፍል ቁጥር የሚጠይቀው ገጽ ከዚህ ሁሉ ጋር አይገናኝም። የሚጠይቃችሁ የሆቴሉ ሥርዓት እንጂ ኮምፒውተራችሁ አይደለም፤ እኛም ልናስቆመው አንችልም።

ከላይ የገለጽነውን ራሳችሁ ብትሠሩት ደስ ይለናል። ካልተመቻችሁ ደውሉልን፤ ቀጠሮ ይዘን ያለ ክፍያ እናስተካክላለን፤ ጥፋቱ የእኛ ነውና። ያንን በዩኤስቢ የሚሰካ መቀበያ የገዙት ደንበኛችንም ደረሰኙ ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም ይምጡ፣ ዋጋውን እንመልሳለን። ስንመጣ የመግቢያውንም የዋይፋዩንም ቃል የሚያውቅ ሰው በቦታው ይኑር። ቃሉን ለእኛ ባለሙያ አትንገሩት፣ ወረቀትም ላይ አትጻፉለት፤ እሱ ፊቱን ሲያዞር ራሳችሁ ጻፉት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የጥገና ክፍሉ