ራዳሩ የታለ? የኤፍ-5ኢ ተብሎ ስለተሸጠልኝ የኤፍ-5ኤ ኮክፒት

ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሞዴል አውሮፕላን ዕቃ አስመጪው ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የተሳሳተ የኮክፒት ማሟያ ዕቃ እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

አራት ኪሎ የምኖር ደንበኛችሁ ነኝ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካለው ሱቃችሁ ቀለምም፣ ዲካልም (ተለጣፊ ምልክት)፣ የሬዚን (በቅርጽ ፈሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ነገር) ጎማም መግዛት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። እስካሁን ቅር ያሰኘኝ ነገር አልነበረም። ለዚህም ነው ለሌላ ሰው ከማውራቴ በፊት ለእናንተ የምጽፈው።

ነሐሴ ላይ ለኤፍ-5ኢ ተዋጊ ጄት ሞዴል የሚሆን፣ በ1/48 መጠን (ከእውነተኛው 48 ጊዜ አንሶ) የተሠራ የኮክፒት፣ ማለትም የአብራሪው ክፍል፣ ማሟያ አዘዝኩ። 7,400 ብሩን ሙሉውን አስቀድሜ ከፈልኩ። ደረሰኙ ላይ «ኤፍ-5ኢ» ተብሎ ተጽፏል። ሁለት ወር ጠብቄ ዕቃው መጣ። የሬዚን ወንበር፣ የሬዚን ወለልና ግድግዳ፣ ቀለም የተቀባ ስስ የናስ ሉህ፣ ሁሉም በየላስቲኩ ታሽጓል። ሳጥኑም ላይ ኤፍ-5ኢ ይላል። ስለዚህ አምኜ ሥራ ጀመርኩ።

እንደምታውቁት የሬዚን ኮክፒት ዝም ብሎ አይገባም። ወፍራም ስለሆነ የአውሮፕላኑን ሆድ ከውስጥ መፋቅ ያስፈልጋል። ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። ብናኙ ለሳንባ ስለማይበጅ ማስክ አድርጌ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እያስነካሁ ፋቅሁ። ከኪቱ (ከሚገጣጠመው ሞዴል) ጋር የመጣውን የፕላስቲክ ኮክፒትም ቆርጬ ጣልኩት። የናሱን ላስቲክ የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን አውሮፕላን የምሠራው ለአባቴ ነው። አባቴ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ የእኛ ኤፍ-5ኢዎች የሶማሊያን ሚግ ተዋጊ ጄቶች አየር ላይ ሲጥሉ፣ እሳቸው መሬት ላይ ሆነው ለነገው በረራ ሲያዘጋጇቸው ያድሩ ነበር። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የእነዚያ አውሮፕላኖች ነገር ግን አንዲት ብሎን አትጠፋቸውም።

ሉሁን በወረንጦ ይዤ በማጉያ መነጽር አሳየኋቸው። የመሣሪያዎቹ ሰሌዳ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርገው ቆይተው አዩት። ዝም አሉ። ከዚያ «ራዳሩ የታለ?» አሉኝ። እኔ ምን እንደሚሉ አልገባኝም። «ይሄ የኤ ነው ልጄ፤ የኛ አይደለም» ብለው ማጉያውን መለሱልኝ።

ልክ ናቸው። ቀድሞ የገባው ኤፍ-5ኤ ራዳር አልነበረውም። ኤፍ-5ኢ ሲሠራ ነው አፍንጫው ውስጥ ራዳር የገባው፤ አብራሪውም ፊት ለፊት የራዳሩ ስክሪን የተቀመጠለት። በሰጣችሁኝ ሰሌዳ ላይ ስክሪኑ የለም። የናሱን ጠርዝ በማጉያ ሳየው ደግሞ በደቃቅ ፊደል የተቀረጸው «ኤፍ-5ኤ» ነው። የሳጥኑ ጽሑፍና ውስጡ ያለው ዕቃ አይገናኙም።

በማግስቱ ደወልኩ። ስልክ ያነሳው ሠራተኛችሁ በትሕትና ነው ያነጋገረኝ፣ ያን አልክድም። መልሱ ግን ሁለት ነበር። አንደኛ፣ እሽጉ ስለተከፈተ አንመልስም። ሁለተኛ፣ ኮክፒቱ ከተዘጋ በኋላ ልዩነቱ በዓይን አይታይም።

እሽጉ ሳይከፈት ውስጡ ያለውን በምን ላውቅ እችላለሁ? የባሰ የከፋኝ ግን ሁለተኛው ነው። በዓይን የማይታይ ከሆነማ 7,400 ብር ለምን አወጣሁ? ከኪቱ ጋር የመጣው ፕላስቲክ ይበቃኝ ነበር። ስክሪኑ በ1/48 መጠን የሰሊጥ ፍሬ ቢያክል ነው። ሰው ማሟያ ዕቃ የሚገዛው ለዚያች የሰሊጥ ፍሬ ብሎ ነው። እናንተም የምትሸጡት እሷኑ ነው።

የወንበሩ ትራስ ላይ የአየር አረፋ የተወው ቀዳዳም ነበር። እሱን በቅሬታ አላቀርበውም። ሬዚን ሲፈስ እንዲህ ያጋጥማል፤ በስቱኮ ደፍኜዋለሁ። ይህን የማነሳው በጥቃቅን ነገር የምነዘንዝ ሰው እንዳልመስላችሁ ነው።

አሁን የምጠይቀው ትክክለኛውን የኤፍ-5ኢ ኮክፒት ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንድታስመጡልኝ ነው። አምራቹ ጋ ከሌለ ብሬን መልሱልኝ፤ ከሌላ አፈላልጋለሁ። የናሱ ሉህ አንድም ቦታ አልተቆረጠም። ሬዚኑም አልተለጠፈም፤ ወለሉን ብቻ ልክ ለማየት ብዬ ከጉቶው (ሬዚኑ ሲፈስ ከሥሩ ከሚቀረው ትርፍ) ቆርጬዋለሁ። የተፋቀው የአውሮፕላን ሆድ ግን ወደነበረበት አይመለስም። ስለዚህ «በፕላስቲኩ ጨርሰው» የሚል መልስ አይሠራልኝም።

ሌላም ነገር አለ። መደርደሪያችሁ ላይ እንደኔው ዓይነት ሦስት ሳጥኖች አይቻለሁ። እባካችሁ ከመሸጣችሁ በፊት ከፍታችሁ እዩአቸው። ሌላ ሰው እንደኔ ሦስት ምሽት ፍቆ እንዳይደርስበት።

የደረሰኙን ኮፒና የሰሌዳውን ፎቶ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። እስከ ኅዳር 5 መልስ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል። ዕቃውን ይዘህ ና ካላችሁኝ ከሥራ የምወጣው 11 ሰዓት ነው፤ ሱቁ ሳይዘጋ እደርሳለሁ። አባቴ አውሮፕላኑን ለገና እየጠበቁት ነው። የሠራሁትን ክንፍ በየማታው እያነሱ ያዩታል፤ ኮክፒቱን ግን እስካሁን ዳግመኛ አልጠየቁኝም።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከአራት ኪሎ