መጽሐፍ እጅ እጅ ሲል ምን ይነበብ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ንባብ በተጻፈ ቁጥር «በቀን ይህን ያህል ገጽ አንብቡ» የሚል ምክር አይጠፋም። ንባብ እጅ እጅ ላለው ሰው ይህ ዕዳ መጨመር ነው። አብዛኛውን ጊዜ መቀየር ያለበት የያዘው መጽሐፍ ነው።

ከርዕሱና ከዝናው በፊት ማውጫው ይታይ። አንደኛው ምዕራፍ ገጽ 7፣ ሁለተኛው ገጽ 13፣ ሦስተኛው ገጽ 20 ላይ የሚጀምር ከሆነ ለጊዜው የሚበጀው እሱ ነው፤ ምዕራፉ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። 40 ገጽ የሚረዝም ምዕራፍ ግን መሀል ላይ ይቋረጣል፣ በማግስቱ «የት ነበርኩ?» እየተባለ ወደ ኋላ ይገለጣል፣ በሦስተኛው ቀን መጽሐፉ አቧራ ይጠጣል። ቀጥሎ ከመሀል አንድ ገጽ ይነበብ። ምልልስ የበዛበት ገጽ ዓይንን ይዞ ይወርዳል፤ ከላይ እስከ ታች አንድ አንቀጽ የሆነው ለደከመ አንባቢ ዳገት ነው። በመጀመሪያዎቹ 20 ገጾች ዐሥር ገጸ ባሕርያት የሚያስተዋውቅ ልቦለድም ይቆይ፤ ስም መሸምደድ አሁን አያስፈልግም።

በዚህ መስፈርት አጫጭር ልቦለዶች፣ ወጎች፣ ተውኔቶችና ከ150 ገጽ የማይበልጡ ልቦለዶች ይቀድማሉ። ግጥም ቀላል ይመስላል እንጂ ስንኙ ሁሉ ቆም ስለሚያሰኝ ለሁሉም አይሆንም። ከሁሉ የሚሻለው ድሮ የተወደደን መጽሐፍ መድገም ነው፤ ሰዎቹም ቦታውም ስለሚታወቁ አእምሮ አይደክምም። ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ አሉ፤ አንስማማም።

ግሩም መጽሐፍ እንደጨረሱ የዚያኑ ደራሲ ሌላ ሥራ ማንሣት ብዙዎችን ይጥላል። አዲሱ ከፊተኛው ጋር እየተወዳደረ ስለሚነበብ ያለ ጥፋቱ ይጠላል። ያለቀው ልቦለድ ከሆነ ግለ ታሪክ ወይም የጉዞ ማስታወሻ ይከተል።

አልገባ ያለ መጽሐፍ መቼ ይተው? አሜሪካዊቷ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናንሲ ፐርል 50 ገጽ ሞክሩ ይላሉ፤ ከ50 ዓመት በላይ የሆነው ደግሞ ዕድሜውን ከ100 ይቀንስ፣ የ70 ዓመት ሰው 30 ገጽ ይበቃዋል። (100 የሞላው ሽፋኑን አይቶ ቢፈርድ አይወቀስም!) የንባብ ፍላጎት ለጠፋበት ግን 50 ገጽም ይበዛል፤ 20 በቂ ነው። ሲተው ታዲያ ቁራጭ ወረቀት ይግባበት፤ ማን የማን ምን እንደሆነና ታሪኩ የት እንደደረሰ በሁለት መስመር ይጻፍ። አለዚያ ከወራት በኋላ እንደገና ከገጽ 1 መጀመር ይመጣል፤ እሱን ደግሞ የሚደፍር ጥቂት ነው።

ምዕራፍ ሲያልቅ ወዲያው መክደን አይመከርም፤ የሚቀጥለውን ምዕራፍ አንድ ገጽ ጀምሮ ማቆም ለነገ ይጠራል። አዳዲስ መጻሕፍት ገዝቶ መከመርም አይረዳም። ሦስት በቂ ናቸው፤ ወፍራሙ ከሁለቱ ቀጫጭኖች በኋላ ይምጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሁለት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች