መሃሉ ያለው አንቺ ጋ ነው

አንቺ ልጅ፣

እሺ፣ ጥፋተኛ ነኝ። ዓመት ከምናምን ድምፄን አጠፋሁ። ይቅርታ፣ ስድቡን በኋላ ትሰድቢኛለሽ፣ አሁን ብቅ ያልኩት ጉዳይ ስላለኝ ነው። (“ያለ ጉዳይ አታውቂኝም” ስትይኝ ልክ ነበርሽ።)

ባለፈው ወር ዶርም ውስጥ የእሳት አደጋ ልምምድ ነበር። ቀድመው ኢሜይል ልከዋል፣ እኔ አላነበብኩትም። ደወሉ ሲጮህ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ የማስታውሰው ደረጃው ሥር ጥግ ይዤ ተኮራምቼ ነው። አንድ እግሬ ጫማ አድርጓል፣ ሌላው ባዶ ነው። የጫማውን ነገር አንቺ ታውቂዋለሽ። አንዲት የማላውቃት ልጅ አጠገቤ ቁጭ አለችና፣ ምንም ሳትጠይቀኝ የራሷን ካልሲ አውልቃ ሰጠችኝ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለም። ክፍል ውስጥ በሩ አጠገብ ካልተቀመጥኩ የሚባለው አይገባኝም። 15 ክሬዲት ይዣለሁ፣ ሁለት ኮርስ ድሮፕ ባደርግ እተነፍስ ነበር። ግን ኤፍ-1 በሚሉት የተማሪ ቪዛ ላይ ነኝ። ከ12 ክሬዲት በታች ለመውረድ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አማካሪው ቀድሞ መፍቀድ አለበት። ቀድሞ! መጀመሪያ ድሮፕ ላድርግና በኋላ እነግራቸዋለሁ ካልሽ ስታተስሽ (እዚህ በሕጋዊነት የመቆየት መብትሽ) ተበላሸ። ሰው ታሞ ወረፋ ይጠብቃል እንዴ? ለሕመም ይፈቅዳሉ፣ በአንድ ዲግሪ በድምሩ እስከ 12 ወር፣ እሱም በየሴሚስተሩ እየታደሰ። የሐኪም ወይም የክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ደብዳቤ ብቻ አምጪ ነው የሚሉሽ።

እዚህ ጋ ሳቂብኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የማያት ሶሻል ወርከር አለች፣ ስንት ወር ፈጅቶብኝ ግማሹን የነገርኳት። የሷ ደብዳቤ አይሠራም! ስለዚህ ሐሙስ ሌላ ሰው ፊት ቁጭ ብዬ ከሀ ልጀምር ነው። አማካሪው ደብዳቤው ላይ ዝርዝር አያስፈልግም ብሎኛል፣ ደግ ሰው ነው። ለሳይኮሎጂስቷ መናገሬ ግን አይቀርም።

እና… እንዴት ልበልሽ። መሃሉ የለኝም። በሩ ሲደበደብ ትዝ ይለኛል፣ ከዚያ እናንተ ቤት እናትሽ ፊቴን ሲያጥቡኝ። በመካከሉ ያለው ጨለማ ነው። መሃሉ ያለው አንቺ ጋ ነው።

ስልክሽን የማላነሳውም ለዚሁ ነው። ኮርቼ አይደለም (“አሜሪካ ገብታ ረሳችን” ማለትሽን ሰምቻለሁ፣ ወሬ ይደርሳል)። ስምሽ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ እጄ ይቀዘቅዛል። አንቺ ምንም ሳታጠፊ። ይሄን መስመር ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ አጥፍቼዋለሁ።

ከሐሙስ በፊት ቮይስ ላኪልኝ። እንዳትደውዪ፣ አላነሳውም። ቮይስ ከሆነ ግን በሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ሲከብደኝ እያቆምኩ እሰማዋለሁ። ጫማዬ የት እንደቀረ ከሚለው ጀምሪ፣ ከዚያ የቻልሽውን ያህል። ካልቻልሽ… አንቺም እኮ እዚያው ነበርሽ፣ አንድ ቀን እንኳ እንዴት ነሽ ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም። ካልቻልሽ ስለዚያ ሰነፍ ውሻሽ አውሪልኝ። እሱንም እሰማለሁ።

ያችው ጠፊዋ