ከበሮ ለአእምሮ ሕክምና ክፍልም ይግባ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ታናሽ ወንድሜ ለአእምሮ ሕመም ተኝቶ ሲታከም መድኃኒቱ በሰዓቱ ይሰጠው ነበር፤ የቀረው ቀን ግን ግድግዳ ማየት ነው። አንድ ከሰዓት ከጎኑ የተኙ ሽማግሌ እያጨበጨቡ በአምባሰል ሲያንጎራጉሩ፣ ለሳምንታት ዝም ያለው ልጅ ተቀበላቸው።

በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ዓለም አቀፍ ድርጅት የኮክሬን ግምገማ 18 ጥናቶችን መርምሮ፣ ስኪዞፍሬንያ (ሐሳብንና ስሜትን የሚያውክ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ላለባቸው ከመደበኛው ሕክምና ጋር የሙዚቃ ሕክምና ሲታከል ከሰው መራቃቸውንና የስሜት መደንዘዛቸውን ሊቀንስ እንደሚችል ገልጿል። መድኃኒትን አይተካም፤ በሠለጠነ ሰው ተመርቶ፣ ተደጋግሞ ነው እንጂ ሬዲዮ ከፍቶ መሄድም አይደለም።

ባቲና አምባሰል ስማቸውን ለቅኝት የሰጡ የወሎ አገሮች ናቸው። በቡድን ሲዘፈን ተራ መጠበቅ፣ ማዳመጥ፣ መቀበል አለ፤ ሕመሙ የሚነጥቀው ይህንኑ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በአንድ ክራርና በአንድ ከበሮ ለመጀመር ምን ያግዳል?

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ