«ቲቸር፣ ይሄ እኮ የእኛ ቤት ነው»፦ የኢንተርኔት ልኬት ክበብ በ2017 ዓ.ም.

እንደ ሚኒ ሚዲያ በሰልፍ ላይ ድምፃችን አይሰማም፤ እንደ አካባቢ ጥበቃ ክበብም የምናሳየው ችግኝ የለንም። «እናንተ ደግሞ ምን ትሠራላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ያልተለየን ለዚህ ነው። ሥራችን ይህ ነው፦ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች «ዛሬ ኔትወርክ የለም» ሲባል፣ ችግሩ ከቤቱ ዋይፋይ ይሁን ከዚያ ወዲያ ለክተን እንለያለን።

መስከረምና ጥቅምት በምዝገባና በስብሰባ አለፉ። 14 አባላት ጸኑ።

ኅዳር ላይ በፍጥነት መለኪያ መተግበሪያ መጀመራችን ስህተት ነበር። በሰከንድ 20 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር የ10 ሰከንድ ልኬት 25 ሜጋባይት ይበላል። የወሩ የካርድ መዋጮ በሁለተኛው ሳምንት አለቀ። ስለዚህ ወደ ፒንግ ዞርን፤ ይህ ትንሽ መልእክት ልኮ ምላሹ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ መለካት ነው፤ አንዱ መልእክት 84 ባይት ስለሆነ 21 ጊዜ ደርሶ መልስ ቢላክ 4 ኪሎባይት አይሞላም። 21 ያደረግነው ውጤቶቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው አንድ ቁጥር እንዲሆን ነው፤ አማካይ ብንወስድ አንድ የዘገየ ምላሽ ሁሉንም ሽቅብ ይጎትተዋል። መጀመሪያ ዋይፋዩን ወደሚያሰራጨው የቤቱ መሣሪያ (ራውተር)፣ ቀጥሎ ወደ ውጭ ሰርቨር እንልካለን። ራውተሩ ራሱ ከዘገየ ችግሩ እዚያው ቤት ነው።

በፋይበር ገመድ ውስጥ ብርሃን በአንድ ሚሊሰከንድ የሚጓዘው ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው። የውጭው ሰርቨር ያለባት የጀርመኗ ፍራንክፈርት ከአዲስ አበባ 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ደርሶ መልሱ ከ53 ሚሊሰከንድ ሊያንስ አይችልም። ካነሰ፣ መልሱ የመጣው ከሌላ ቅርብ ሰርቨር ነው። የታኅሣሥን መዝገብ ግን በሙሉ ጣልነው፤ ሁለት ስልኮች ላይ ቪፒኤን (ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያዞር መተግበሪያ) በርቶ ስለነበር የለካነው የዞረውን መንገድ ነው። አሁን የቅጻችን የመጀመሪያ ጥያቄ «ቪፒኤን ጠፍቷል ወይ?» የሚል ነው።

መጋቢት ላይ ውጤቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ልንለጥፍ ተዘጋጀን። ስሞቹን በኮድ ስለተካን የቀረ ነገር ያለ አልመሰለንም። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሠንጠረዡን ስታነብ ቆይታ ጣቷን አንዱ መስመር ላይ አሳረፈችና «ቲቸር፣ ይሄ እኮ የእኛ ቤት ነው» አለች። ከዚያ ብሎክ የምትለካው እሷ ብቻ ናት። ቀጥላ የሰዓቱን ዓምድ አሳየችን። ቤት የተተወው አሮጌ ስልክ በየሰዓቱ ራሱ ይለካል፤ እናቷ ሥራ ሲሄዱ ራውተሩን ከሶኬት ስለሚነቅሉ ግን በሥራ ቀናት ከጠዋቱ 2 እስከ 11 ሰዓት ራውተሩ አይመልስም። ቤቱ ሰው የማይኖርበትን ሰዓት ሰሌዳ ላይ ልንለጥፍ ነበር!

ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው እስኪመሽ ቆይተው ሠንጠረዡን እንደገና ሠሩት። ብሎክ ወጥቶ ሳይት ብቻ ቀረ። ሰዓቱ «ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ» ተባለ። ከአምስት ቤት በታች ያለው ሳይት ከጎረቤቱ ጋር ተጠቃለለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስም ባይጻፍም ሰውን ለይቶ ሊያሳውቅ የሚችል መረጃን የግል ዳታ ይለዋል። ጥር ላይ አብረን አንብበነው ነበር፤ የገባን ግን ያን ቀን ነው። ከዓመቱ ሥራ ሁሉ የምኮራው በዚህ ነው።

ለ2018 ከወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት የምንጠይቀው የወር ካርድ፣ አንድ ፓወር ባንክና አምስት አሮጌ ስልኮች ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ ክበብ በሚሰበሰብበት ሰዓት እንዲገኝ ማድረግ ደግሞ ምንም በጀት አይጠይቅም። የስልኮቹ ስክሪን ቢሰነጠቅም ግድ የለም፤ መብራት ሲጠፋ መሥራት ስላለባቸው ባትሪያቸው ቻርጅ መያዝ አለበት። የምትሰጡን ወላጆች አስቀድማችሁ የጉግል አካውንታችሁን አውጡ፣ ከዚያ ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፉ፤ አካውንቱ ሳይወጣ ከቀረ ስልኩ እኛ ዘንድ ሲከፈት የእናንተን የይለፍ ቃል ሊጠይቅ ይችላል። ሲሙንና ሜሞሪ ካርዱንም ማውጣት አትርሱ።