ጣቴን ስለደበቅኳችሁ

ዳሬሰላም፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ለእምዬና ለእታለም፤

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ ክብር ምስጋና ለመድኃኔዓለም፣ ደህና ነኝ። ሰላምታውን እዚህ ላይ ልግታው። ጎረቤቱን ሁሉ አንድ በአንድ ሳሙልኝ። ደብዳቤውን የምታደርሰው ልጅ ነገ ሌሊት ትበራለች፤ እኔ ደግሞ የምለው ብዙ ነው።

እታለም፣ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽ። አንድም መስመር እንዳታልፊ። አባባን የተቆጣሁበት ቦታ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ እንጂ አትተዪው።

አባባ፣ ያን ብር የላክሁት ለዓይንዎ ነበር።

የነገረችኝ አክስቴ ናት። አስባበት አይደለም። ስለ እታለም ሰርግ ድግስ ስታወራኝ «በሬውን ብታዪው! ሻኛው እኮ!» አለችና አመለጣት። «በምን ገዙት?» ስላት ዝም አለች። አክስቴ ዝም ስትል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ደብረ ብርሃን ወጥተው ይታከማሉ፣ ሞራው ይነሣል፣ በጥር የልጅዎን ሰርግ በሁለት ዓይን ያያሉ ብዬ ቀን ስቆጥር ነበር። እርስዎ ግን በሬ ገዙበት።

ለምን እንዳደረጉት ይገባኛል። ልጄን ባዶ ቤት አልድርም ብለው ነው። እኔንም በሰው ፊት ከፍ ሊያደርጉኝ ነው፤ «ውጭ አገር ያለችው ልጅ ደገሰች» እንዲባልልኝ። ግን ተናደድኩ። አሁንም ልቤ አልበረደም። እኔ ስሜ እንዲነሣ አልፈልግም። እርስዎ እንዲያዩ ነው የምፈልገው።

እኔም ግን ንጹሕ አይደለሁም። ሁለት ወር ሙሉ ድምፄ ጠፋባችሁ። ስደውልም ቪዲዮ አልከፍትም ያልኩት ኔትወርክ ጠፍቶ አልነበረም። የቀኝ እጄ የቀለበት ጣት ወልቆ፣ አጥንቱም ተሰንጥቆ ስለነበር ነው። እምዬ፣ አትደንግጪ። ድኗል። ይህን የምጽፍልሽ በዚያው እጄ ነው። ፊደሌ ትንሽ ተንጋዶ ከሆነ ከዚያ ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት። አንድ ለዜሮ እየመራን ነበር። ተከላካዮቼ ደክሟቸዋል። ትንሽ ይተንፍሱ ብዬ ኳሷን አቅፌ ቆየሁ። ድሮ ይህ ያስኬድ ነበር። በረኛ ኳስ ይዛ ከስድስት ሴኮንድ በላይ አትቆይም የሚል ሕግ ቢኖርም አጥብቆ የሚይዘው ዳኛ ጥቂት ነው። ከዘንድሮ ጀምሮ ግን ሕጉ ተለወጠ። ስምንት ሴኮንድ ካለፈ ለተቃራኒው ቡድን ኮርነር ይሰጣል። ዳኛዋ እጇን አንሥታ የመጨረሻዎቹን አምስት ሴኮንዶች በጣቷ ትቆጥራለች። እኔ የማየው ተከላካዮቼን ነበርና እጇን አላየሁም። ፊሽካ ተነፋ። ኮርነሩ ሲሻማ በቡጢ ልመታ ወጣሁ፣ ጣቴ ከአንዲት አጥቂ ግንባር ጋር ተጋጨ። ጓንቴን ሳወልቅ ጣቴ ወደ ጎን ዞሯል።

የቡድናችን ወጌሻ እጄን ይዛ ስትስበው ልጆቹ «ፖሌ፣ ዳዳ» እያሉ ያቅፉኝ ነበር። አይዞሽ እህቴ ማለት ነው። እኔ የጮኽኩት ግን «እምዬ!» ብዬ ነው። ምን እንዳልኩ የገባው ሰው አልነበረም።

አሁን ሁለቱን ጣቶቼን በፕላስተር አስሬ እለማመዳለሁ። ደሞዜ አልተቋረጠም። ሕክምናውን የከፈለው ክለቡ ነው። የቀረብኝ የጨዋታ ቀን ጉርሻ ብቻ ነው። የምልክላችሁ ቀነሰ እንዴ? ቢቀንስም ትንሽ ነው፣ በሚቀጥለው ወር ይስተካከላል። እኔ ምን ወጪ አለብኝ? ቤቱም ምግቡም የክለቡ ነው። አራት ሆነን አንድ ቤት ውስጥ ነን፤ ጥሩ ልጆች ናቸው። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆምና ሙቀቱ ትንሽ ያስቸግራል። ትንሽ ነው። ኡጋሊ የሚባለውን ምግባቸውንም ለምጄዋለሁ። እንደ ገንፎ ነው፣ ቅቤና በርበሬው ነው የሌለው። ገብሱም የለበትም።

ውርጭ ናፈቀኝ ብል ታምኑኛላችሁ? አሁን እናንተ ጋ ሜዳው ጠዋት ጠዋት ነጭ ነው። እምዬ ኩበቱን ቆስቁሳ፣ እኔ ባናዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ አልነሣም የምልበት ሰዓት ነው። እዚህ በዚያ ሰዓት ላብ ያጠምቀኛል። አንዳንዴ ሌሊት የባሕሩ ድምፅ ሲመጣ፣ በእንቅልፍ ልቤ የበሬሳ ወንዝ የሞላ ይመስለኛል። ከዚያ እነቃለሁ።

አባባ፣ እርስዎ የሚወዱትን ነገር ልንገርዎ። እዚህ ስመጣ መጀመሪያ ጎል የገባብኝ በአየሩ ምክንያት ነው። ደብረ ብርሃን ከፍታው ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ኳስ ስትመታ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ቀጥ ብላ ትበራለች። እዚህ ባሕር ጠርዝ ላይ አየሩ ወፍራም ነው። ኳሷ ትዘገያለች፣ ትጠማዘዛለች፣ ከመድረሷ በፊት ዝቅ ትላለች። እኔ እንደለመድኩት ዘልዬ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ወደ መሬት ስመለስ ነው ኳሷ የምትደርሰው። አሰልጣኛችን «ምን ያስቸኩልሻል?» ይለኛል። አገሬ ነው ያስቸኮለኝ። አንድ ወር ፈጀብኝ። የእናንተ ብርድ የሰጠኝ ሳንባ ግን እስካሁን አለ፤ ሩጫ ላይ የሚቀድመኝ የለም።

በረኛ ያደረገኝ ማን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ የትምህርት ቤቱን የስፖርት መምህር እጠራለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። እርስዎ ነዎት። ልክ እንዲህ ባለው በኅዳር፣ ገብሱ ታጭዶ ሲከመር፣ ወንድሜ ትንሽ ስለነበረ ክምሩ ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ። እርስዎ ከታች ነዶውን ይወረውራሉ፣ እኔ እቀልባለሁ። መጀመሪያ በእጄ ጫፍ ስይዘው ተፈትቶ በፊቴ ላይ ይበተን ነበር። «ቅለቢ! በጣትሽ አይደለም፣ ደረትሽ ላይ አጣብቂው!» ይሉኝ ነበር። የገብሱ ጢም ክንዴን እየወጋኝ፣ ፀሐዩ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ አንዱን ሳስቀምጥ ሌላው ይመጣል። ክምሩ ከፍ እያለ ሲሄድ እግሬ ይንሸራተታል። እርስዎ ግን አይጠብቁኝም ነበር። አዲስ አበባ ስገባ የበረኞች አሰልጣኝ ያስተማረኝ የመጀመሪያ ነገር ያንኑ ነው፤ ኳሷን በእጅ ተቀብሎ ደረት ላይ ማቀፍ። «ማን አስተማረሽ?» ሲለኝ ምን እንደምመልስ ጠፋኝ።

የጎሉ ስፋት 7 ሜትር ከ32 ነው፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ44። በእርስዎ ልክ ወርዱ ወደ 15 ክንድ፣ ቁመቱ 5 ክንድ ግድም ይሆናል። ፔናሊቲ የሚመታው ከ11 ሜትር ላይ ነው። ኳሷ ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ቢፈጅባት ነው። ኳሷን ብቻ ካየሁ ዘግይቻለሁ። የማየው የመቺዋን የቆመ እግርና ዳሌዋን ነው። ሥራዬ በዓይን ነው፣ አባባ። ለዚህ ነው የእርስዎ ዓይን ነገር እንዲህ የሚያንገበግበኝ።

ሥራ ስል እንደሚከፋዎት አውቃለሁ። ሰው «ልጅዎ ምን ትሠራለች?» ሲልዎት «በረኛ ናት» ብለው፣ «የየትኛው መሥሪያ ቤት?» ብለው እንደጠየቁዎት እታለም ነግራኛለች። ከዚያ ወዲያ ስለ እኔ ማውራት እንደተውም ነግራኛለች። ያ ነገር ከጣቴ በላይ አሞኛል። እዚህም የሚሉኝ «ምሊንዳ ምላንጎ» ነው፤ የበር ጠባቂ ማለት ነው። ስሰማው እርስዎን አስታውሳለሁ። በር መጠበቅ ምን ያሳፍራል? እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ የእኛን በር አልጠበቁም?

ቺያማካ ናዶዚ የምትባል ናይጄሪያዊት አለች። የእሷም አባት መጀመሪያ ኳስ እንድትጫወት አይፈልጉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ የካናዳዋን ክሪስቲን ሲንክሌርን ፔናሊቲ አዳነች። ሲንክሌር ማለት በአገሯ ማሊያ ከማንም ሴት፣ ከማንም ወንድ በላይ ጎል ያገባች ናት። ናዶዚ በዚያው ዓመትም በቀጣዩም የአፍሪካ ምርጥ ሴት በረኛ ተባለች። ያን ፔናሊቲ በስልኬ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። የእኛዋ ሎዛ አበራም ከዱራሜ ተነሥታ እ.ኤ.አ. በ2019 ማልታ ገብታለች። እኔ ገና እዚያ አልደረስኩም። መንገዱ ግን አለ፤ የማይረባ ነገር ይዤ አልጠፋሁባችሁም።

አንድ ሌላ የደበቅኩት ነገር አለ፤ ዛሬ ከጀመርኩ ልጨርሰው። አዲስ አበባ ሳለሁ «እቁብ ገብቻለሁ፣ ለዚያ ነው የማልልከው» ያልኳችሁ ጊዜ ውሸት ነበር። ክለቡ አራት ወር ደሞዝ አልከፈለንም ነበር። በዚያ ላይ ተጠባባቂ ነበርኩ። አጥቂ ሦስት አራት ትሰለፋለች፣ በረኛ ግን አንዷ ገብታ ሌላዋ ቁጭ ነው። ሁለት ዓመት ቁጭ አልኩ። እምዬ በሰው እጅ የላክሽልኝ በሶ ባይኖር ኖሮ እተወው ነበር። ውኃ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፣ ውኃ ደግሞ ነበረ።

እታለም፣ አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን እምዬ ምን ለብሳ ነበር? አባባ ወዲያው እሺ አሉ ወይስ ቀጠሮ ሰጡ? ልጁ የደብረ ሲና ልጅ መሆኑን ሰምቻለሁ፣ አስተማሪ መሆኑንም። ፎቶውን አይቼዋለሁ። ዓይኑ የተረጋጋ ነው፣ ወድጄዋለሁ። ሲቆጣ ምን ያደርጋል? ይህን ጠይቂ። ቀሚስሽ ጥለቱ ምን ዓይነት ነው? አረንጓዴ ይሁን ብለሽ ነበር ልጅ ሆነን። እኔ ሚዜሽ እሆናለሁ ብዬ ምዬልሽ ነበር። በሬሳ ዳር ልብስ ስናጥብ ነው፣ ታስታውሻለሽ? አልመጣም። በጥር ጨዋታ አለብን፤ ከጉዳት ገና የተመለስኩ ስለሆነ ፈቃድ ብጠይቅ ቦታዬን ሌላዋ ትይዘዋለች። ሁለት ዓመት ቁጭ ብዬ ያገኘሁት ቦታ ነው። እህቷን ሳትድር ቀረች የሚለኝ ካለ ይበል። አንቺ ብቻ አትበይኝ።

የእንሶስላው ማታ እጃችሁን ስትሞቁ ስልኩን ክፈቺልኝ። በዚያ ቀን ቪዲዮ እከፍታለሁ፣ ጣቴንም አሳያችኋለሁ። ትንሽ ጎብጧል፣ እንዲሁ ይቀራል ብለውኛል። እምዬ እንዳታለቅስ ቀድመሽ ንገሪያት።

አሁን ስሙኝ። ከልጅቷ ጋር የላክሁት ብር በፖስታ ውስጥ ነው። ለእምዬ ነው የሚሰጠው፣ ለአባባ አይደለም። አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለጌሾም ለጠጅም ለሌላ በሬም አይወጣም። እታለም፣ ከሰርግሽ በፊት፣ ከገና በፊት፣ ደብረ ብርሃን ውሰጃቸው። የዓይን ሐኪሙ እዚያ ካልሠራ አዲስ አበባ ነው፣ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጠዋት ወጥታችሁ ትደርሳላችሁ። እዚህ የቡድናችንን ሐኪም ጠይቄያለሁ። ቀዶ ጥገናው ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ አያስተኙም፣ በማግስቱ ፋሻው ይፈታል ብሎኛል። ከዚያ ጠብታውን በሰዓቱ ማድረግ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ከባድ ነገር ማንሣትም ለጊዜው የለም። የኩበት ጭስ አጠገብም አይቀመጡ። ፋሻው የተፈታ ቀን ደውሉልኝ። ስልኩን አባባ ይያዙት። ያዳንኩትን ፔናሊቲ እልክላቸዋለሁ። ማንም ሳይነግራቸው እኔ የትኛዋ እንደሆንኩ ራሳቸው ይለዩኝ።

ሻንጣው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ጓንት አለ። አሮጌዬ ነው፣ መዳፉ ተልጧል፣ እዚህ ለጨዋታ አይሆንም። ለወንድሜ ነው። ዘንድሮ ክምሩ ላይ የሚቆመው እሱ ነው ብላችሁኛል። የገብሱ ጢም አይወጋውም። በሞቀ ውኃ አትጠቡት፣ ፀሐይ ላይም አታስጡት፣ ይሰነጠቃል። ለብ ባለ ውኃ አጥባችሁ ጥላ ውስጥ ስቀሉት። የቀኙ የቀለበት ጣት የተተረተረውን እኔ ሰፍቼዋለሁ።

ናፋቂ ልጃችሁ