ለደንበኞቻችን፦ ስለተቀየረው የፒፓ ትምባሆ ድብልቅ

ውድ ደንበኞቻችን፣

«ይሄ የኛ ትምባሆ አይደለም» ብላችሁ የጻፋችሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። አንዳንዱን ሁለቴ። አንድ የቆዩ ደንበኛችንማ ቆርቆሮውን ከፍተው፣ አሽትተው፣ አንድ ፒፓ እንኳን ሳይሞሉበት መልሰው ላኩት። ከሁሉ ያመመኝ እሱ ነው።

አዎ፣ ድብልቁን ቀይረነዋል። ሳንነግራችሁ መቀየራችን ጥፋት ነው፤ ይቅርታ። ለምን እንደቀየርነው ግን ስሙኝ።

የድሮው ድብልቅ ግማሹ ላታኪያ የሚባል የትምባሆ ቅጠል ነበር። ስሙ የሶርያ የወደብ ከተማ ስም ነው፤ ዛሬ የምንገዛው ግን ከቆጵሮስ የሚመጣውን ነው። እንደዚያ የሚጠቁረው በእንጨት ጭስ ታጥኖ ነው። አቅራቢው ጥቂት ነው፣ ባዘዝን ቁጥር ዋጋው ጨምሮ ይጠብቀናል። በተራ ቅጠል ላይ የጭስ ሽታ ነስንሶ «ያው ነው» ማለት ይቻል ነበር። እንደዚያ አድርግ ያሉኝም ነበሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በገዛ እጄ ስቀላቅል ኖሬ አሁን ላታልላችሁ? ትምባሆ ለጤና ይስማማል ብዬ እንኳን ዋሽቻችሁ አላውቅም።

ስለዚህ ላታኪያውን ወደ ሲሶ አወረድኩት፣ ቨርጂኒያ የሚባለውን ቅጠል ጨመርኩ። ቨርጂኒያ በሙቅ አየር ስለሚደርቅ ስኳሩ አብሮት ይቀራል። ችኮላ ግን አይወድም። ቶሎ ቶሎ ከሳባችሁት ይግላል፣ ምላስ ይለበልባል። «ለበለበን» ያላችሁት ይሄንን ይመስለኛል። ይህን እንዲያረግበው ስኳሩ አነስተኛ የሆነውን በርሊ የሚባል ቅጠል ጣል አድርጌበታለሁ። ደረቅ የለውዝ ጣዕም ያለው እሱ ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከመሙላታችሁ በፊት ትንሽ ቆንጥራችሁ ወረቀት ላይ ዘርጉት። ቆይታችሁ በሁለት ጣት ጨብጡት። ተጣብቆ ከቀረ ገና እርጥብ ነው፤ ስትለቁት ቀስ ብሎ ከተፍታታ ደርሷል። እርጥቡ ደጋግሞ ይጠፋል፣ እናንተም ደጋግማችሁ ትስባላችሁ፣ ከዚያ ምላስ መቃጠሉ አይቀርም።

ጣፋጭ ሽታ የምትወዱ ካቨንዲሽ ይሻላችኋል። ካቨንዲሽ የቅጠል ዓይነት አይደለም፣ በእንፋሎትና በጫና የሚሠራ አሠራር ነው። (ከአጫሹ ይልቅ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው የሚደሰትበት ነው፤ ይሄ የኔ አስተያየት ነው።) ጭሱ ካልበዛ የማትረኩ ደግሞ ጻፉልኝ፤ ላታኪያው የበዛበትን በትንሽ በትንሹ አዘጋጃለሁ። ዋጋው ግን ከበድ ይላል፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ቆርቆሮውን ለመለሱት ደንበኛዬ፦ ገንዘብዎን ልኬያለሁ። ከድሮው ድብልቅ ለራሴ ያስቀመጥኳት አንዲት ቆርቆሮ ነበረች፤ እሷም በመንገድ ላይ ናት። ከአዲሱም ለአንድ ፒፓ የሚበቃ አብሬ ጠቅልያለሁ። እባክዎ፣ አድርቀው ይሞክሩት።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤት